ለእናቴ የጻፍኩት ጭፈራ

ስደተኛ ሁሉ ከአገሩ የወጣበትን ሌሊት ያወራል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ያኔ ባቡሩ በጨለማ አይሄድም፤ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስቶ እኩለ ቀን ላይ አዳማ ይደርሳል፣ ውኃውን ይሞላል፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሌሊቱንማ ማን ተኝቶ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ሲመርቅና ሲያለቅስ አደረ። የተለያየነው ግን ስድስት ሰዓት ላይ፣ አቧራው ዓይን በሚያጠፋበት ሰዓት፣ ከአንድ የግራር ጥላ ሥር ነው።

አባቴ ባሻ ወልዴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ወታደር ሆነው መጥተው የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ሆነው የቀሩ። ያን ቀን ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ለባቡር መንኮራኩር ተጨንቀው የማያውቁት ሰውዬ ጎንበስ ብለው ብረት ሲመረምሩ ቆዩ። እንባቸው እንዳይታይ መሆኑን ጣቢያው ሁሉ ያውቃል። እናቴ ጫልቱ ግን የአርሲ ልጅ ናት፣ ከደራ። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር የተጋባ ነው፤ ስትቆጣና ስታለቅስ ደግሞ አማርኛውን ጭራሽ ትፈታዋለች። እጄን ይዛ ባቡሩ ውኃ ከሚቀዳበት ጋን ኋላ፣ ግራሩ ጥላ ሥር ወሰደችኝ።

«ታዴ፣ ሁለቱን ወንድሞችህን የኅዳር በሽታ ሲወስዳቸው በእነዚህ እጆቼ አፈር አልብሻቸዋለሁ። እኔን ልጅ ይቅበረኝ። የምትቀብረኝ አንተ ነህ። ማልልኝ» አለችኝ።

ማልኩላት። በምን እንደማልኩ አልነግራችሁም፤ የፈረሰ መሐላ ስሙን መጥራት ያሳፍራል። «ናጋን ገሊ» አለችኝ፣ በሰላም ግባ ማለቷ ነው። ባቡሩ ጮኸ፣ እኔም ሄድኩ።

የላኩኝ የአባቴ የድሮ አለቃ የነበሩ አንድ ደጃዝማች ናቸው። ፈረንሳይ አገር የእርሻ ትምህርት ተምሬ መጥቼ፣ ሁሩታ አጠገብ ያለውን መሬታቸውን እንዳለማላቸው ነው። አዋሽ አደርን፣ ድሬዳዋ አደርን፣ ጅቡቲ ላይ ላብ ከሰውነቴ አልቆ ነፍሴ መውጣት ጀመረች። የመርከቡን ነገር ተዉት፤ ከአዳማ ይዤው የወጣሁትን ምሳ እንኳ ባሕሩ ሳይቀበለኝ አልቀረም። ማርሴይ ስንደርስ የይለፍ ወረቀት የሚጽፍ ሹም ፊት ቆምኩ። ቋንቋውን አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምሬዋለሁ፣ ሰውዬው ግን ያልተማርኩትን ጠየቀኝ። የቤተሰብ ስም? አለኝ። ታደሰ እኔ ነኝ፣ ወልዴ አባቴ ናቸው አልኩት። እናትህስ፣ ወልዴ ናት? አለ። አይደለችም፣ እሷ የራሷ አባት ስም አላት አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠና «ሦስት ሰው በአንድ ቤት፣ ሦስት ስም። ታዲያ ቤተሰብ መሆናችሁን በምን ታውቃላችሁ?» አለኝ።

«እንተዋወቃለን» አልኩት። ወረቀቱ ላይ አባቴ ስሜ፣ እኔ ደግሞ የአባቴ ቅጥያ ሆኜ ተጻፍኩ። እስከ ዛሬ ሙሴ ወልዴ፣ አቶ ወልዴ ማለታቸው ነው፣ ተብዬ ስጠራ ዞር ብዬ አባቴን እፈልጋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ያለው በዚያ አገር መሐል፣ ኦቨርኝ በሚባል ተራራማ ስፍራ ነው። ማዳም ሮዝ የምትባል መበለት ቤት ክፍል ተከራየሁ። ሴትዮዋ የመጀመሪያ ቀን ደረጃው ላይ አቁማኝ አንሶላው ነጭ መሆኑን ነገረችኝ። አይቻለሁ አልኳት። በጣም ነጭ ነው አለች ደግማ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ቀለሜ ይለቅ እንደሆን ነው የምትጠይቀኝ። እናቴ ለሃያ ዓመት አጥባኝ አልለቀቀም አልኳት። በቁም ነገር ራሷን ነቀነቀች፣ ግን አንሶላውን ወስዳ ቡናማ ብርድ ልብስ አመጣች።

ምስር እንደሚበሉ ሳይ መጀመሪያ ልቤ ዘሎ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ በርበሬ የለው፣ ሽንኩርቱ አልተቁላላ፣ ከሆስፒታል የወጣ ምስር ነው። እንጀራ በሌለበት ምስር ሲበሉ እጅ የት እንደሚገባ ይጠፋዋል። ብርዱን ለአዳማ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳ? እኛ ኅዳር ላይ ጠዋት ጋቢ ደርበን «ዘንድሮስ ከፋ» የምንል ሰዎች ነን። እዚያ ውኃው በማሰሮ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ያድራል። ይህን ሁሉ ግን ሰው ይችለዋል። ያልቻልኩት ዝምታውን ነው። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ በልቶ ይነሳል፣ «ጉርሻ» የሚል የለ፣ «እንዴት አደርክ» ብሎ ከብትህንና ዘመድህን አንድ በአንድ የሚጠይቅ የለ። ዓመት ሙሉ በዚያ አገር ቆዳዬን የነካኝ ሰው ቢኖር ሐኪሙ ብቻ ነው። እውነቴን ነው፣ በሰው ረሃብ ልሞት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። በዚያ ወራት ሻቴኝ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ እንደ ባቄላ እሳት ላይ እየቆሉ፣ መንደርተኛው ምሽት ላይ አንዱ ቤት ይሰበሰባል። ማዳም ሮዝ ቤት ውስጥ ብቻዬን ትታኝ መሄዱ ሳያስፈራት አልቀረም፣ «ና» አለችኝ። ትልቅ የእህል ጎተራ ነው፤ አንድ ሽማግሌ የፍየል አቁማዳ በብብታቸው ይዘው፣ በነፋስ ሞልተው፣ በክንዳቸው እየጨመቁ ያስጮኻሉ። ካብሬት ይሉታል። የፍየሉ ቆዳ ሽታ ሲመጣልኝ ደራ ገበያ የቆምኩ መሰለኝ።

ከዚያ ጨፈሩ። የሚጨፍሩት ሴት ከሴት ጋር ነበር። ምነው ብዬ ስጠይቅ ማዳም ሮዝ «ወንዶቹ አደባባዩ ላይ ናቸው» አለችኝ። አደባባዩ ላይ ያለው በታላቁ ጦርነት ያለቁት ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ነው። መንደሩ ትንሽ ነው፣ የድንጋዩ ዝርዝር ግን ረጅም ነው። የእህቷ ልጅ ሌዮኒ፣ ያጫት ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ ስሙ ያለ፣ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ የሚሆን ሴት፣ መጥታ ፊቴ ቆመች። እግር እያለህ ምን ትጎለታለህ አለችኝ።

ጭፈራውን ቡሬ ይሉታል፤ ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ስለ በሬ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ይቆማሉ። አይያያዙም። በእንጨት ጫማቸው ወለሉን እየመቱ ይቀራረባሉ፣ ሊነካኩ ሲሉ ይሸሻሉ፣ ቦታ ተቀያይረው ይዞራሉ፣ ዓይን ግን ከዓይን አይነቀልም። ከተማ ውስጥ ፈረንጅ ወገብ ለወገብ ተቃቅፎ ሲዞር አይቼ በሐፍረት ፊቴን አዙሬ ነበር። ይህ ግን የኔ ነው። በልጅነቴ እናቴ ለአጎቶቼ ሰርግ ደራ ስትወስደኝ፣ ጎረምሶችና ልጃገረዶች ፊት ለፊት ተሰልፈው እየዘለሉ፣ አንገታቸውን እየሰበቁ፣ ሲቀርቡና ሲሸሹ አይቻለሁ፣ እናቴም እጄን ይዛ አስገብታኛለች። አባቴ ጭፈራ አይወዱም፤ የአዝማሪ ሥራ ነው ይላሉ፣ እሷ ስትጨፍርም ወደ ውጭ ይወጣሉ።

ሌዮኒ ስትቀርብ ሸሸሁ፣ ስትሸሽ ቀረብኩ። ትከሻዬ ሳላዘው ተነሳ። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሽማግሌው አቁማዳቸውን አጥብቀው ጨመቁ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዲት አሮጊት ግንባሬን በሻርፓቸው ጠረጉልኝ። ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ደስታ ነው።

በማግስቱ ለእናቴ ጻፍኩ። እማዬ፣ እዚህም እንደ አጎቶቼ ይጨፍራሉ አልኳት፤ የእንጨት ጫማውን፣ አቁማዳውን፣ ሌዮኒን፣ ሁሉንም። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ አባቴም እንደዚያው። ደብዳቤያችንን የሚያነብና የሚጽፍ የጣቢያው ቴሌግራም ቤት ጸሐፊ ማሞ ነው። ሁለት ወር ቆይቶ መልሱ መጣ። ሁላችንም ደህና ነን፣ እናትህ ደብዳቤህ ሲነበብላት ሳቀች ይላል። ቀድሞ የሚቀርበው ወንዱ ነው ሴቷ? ትላለች። በእንጨት ጫማ እግራቸው አይላጥም ወይ? ትላለች።

ክረምታቸውን ሙሉ በዚህ ደብዳቤ ኖርኩ ብል አላበልኩም። በየጎተራው እጨፍራለሁ፣ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ጥያቄ ይመጣልኛል። ሽማግሌው አቁማዳውን በምን ያለሰልሱታል? ያቺ ሴት ያለቀሰችለትን ሰው ረስታ ነው የምትጨፍር ወይስ ሳትረሳ? ይህን የመጨረሻውን ሳነብ እናቴ በሩቅ አገር ሆና ይህን ያህል ማስተዋሏ ገረመኝ። ለሌዮኒ ነገርኳት። ሳልረሳ ነው በላት አለችኝ፣ ጻፍኩላት።

ፋሲካ ሲያልፍ ደጃዝማች መልእክት ላኩ። ቤተሰብ ናፍቆህ እንደሆነ ለክረምቱ መጥተህ ተመለስ፣ አለበለዚያ ቆይተህ ጨርስ ይላል። ለእናቴ ጻፍኩ፣ ልምጣ ወይ አልኳት። መልሱ «እናትህ ጨርስ ትላለች። እኔ የትም አልሄድም ትላለች» የሚል ነው። ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ መቅረቱ ደስ ብሎኛል፤ ሰኔ ላይ መንደሩ ውስጥ የሰው ሰርግ ነበረ፣ ሌዮኒና እኔ ጭፈራውን እንድንከፍት ተጠይቀናል።

በሰርጉ ቀን ጋሼ ግርማ መጣ። ግርማ የማሞ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሊዮን ከተማ ሕግ ይማራል፣ በዚያ አገር የማውቀው ያገሬ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሳልጠራው መጣ፣ ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ነው። ግድግዳ ተደግፎ ስጨፍር ሲያየኝ ቆየ። ላቤን እየጠረግሁ ስጠጋው ደስ ብሎሃል? አለኝ። ካገሬ ከወጣሁ እንደ ዛሬ ሆኜ አላውቅም አልኩት። «እንግዲያውስ ጨፍር» አለኝ። ጠዋት ሳይሰናበተኝ በባቡር ሄደ። ቀንቶ ነው ብዬ አኮረፍኩት።

መስከረም ላይ፣ ጎህ ሳይቀድ የውጭው በር ተመታ። ማዳም ሮዝ በሌሊት ቆቧ ሆና ደጅ ሦስት ጥቁር ሰዎች ቆመዋል፣ ምን አጥፍተህ ነው? እያለች ቀሰቀሰችኝ። ወረድኩ። ግርማ ነው። ከኋላው አይቻቸው የማላውቅ ሁለት ያገሬ ልጆች አሉ፣ ከፓሪስ ሌሊቱን ተጉዘው የመጡ። በኮታቸው ላይ ነጠላ ለብሰዋል፣ ጥለቱ ወደ አንገት ተዘቅዝቋል።

እናንተ ታውቁታላችሁ፣ መርዶ አንድ ሰው አያረዳም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሟርተኛ እንዳይባል፣ የሚይዝና የሚደግፍ እንዲኖር፣ ጎህ ሲቀድ በር ይመታል። ስለዚህ አንድም ቃል ሳይናገሩ አውቄያለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ከሁለቱ ማን?»

«እናትህ ናት» አለ ግርማ።

ጮኽኩ፣ ሦስቱም ጮኹ፣ ደረታችንን መታን። እንዲህ ያለ ድምፅ ያ መንገድ ሰምቶ አያውቅም። መስኮት ተከፈተ፣ ሰው ወጣ፣ ማዳም ሮዝ በየት በኩል እንደላከች አላውቅም፣ ዣንዳርም የሚሉት የገጠር ፖሊስም መጣ። ማን ተመታ? አለ። ማንም አልተመታም አልነው። ታዲያ ማን ነው የሚያስጮኻችሁ? አለ። ግርማ እንባውን ጠርጎ ደንብ በጠበቀ ሕግኛ ፈረንሳይኛው የዚህ ልጅ እናት መሞቷን አስረዳው። ዣንዳርሙ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ደብተሩን አወጣ፣ መቼ ሞተች? ብሎ ጠየቀ።

«አምና በጥቅምት» አለ ግርማ።

ሰውዬው ጽፎ አቆመና ቀና ብሎ አየን። «ዓመት ሊሞላት ነው። እና የምታለቅሱት ዛሬ?»

እንባዬ ቀጥ አለ። ጥቅምት። በጣቴ መቁጠር አላስፈለገኝም። በወባ ነው አለኝ ግርማ፤ ደራ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ታማ ተመልሳ፣ ሳምንት አልቆየችም። እኔ ጎተራ ውስጥ ትከሻዬን ስሰብቅ እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። ስለ ጭፈራው የጻፍኩላት አንድም ቃል ጆሮዋ አልገባም። የግርማን ኮት ይዤ ግድግዳ ላይ አጣበቅኩት፣ ሁለቱ ልጆች ባይዙኝ ምን አደርገው እንደነበር አላውቅም።

ግርማ አልተከላከለም። አባቴ ማሞን አስምለውታል፤ ልጄ በሰው አገር መርዶ ሰምቶ ብቻውን ይሞትብኛል፣ አገሩ እስኪገባ ማንም እንዳይነግረው ብለው። ማሞ ግን ሐሰቱን መጻፍ ሲከብደው ሚያዝያ ላይ ለወንድሙ ገለጠለት። ግርማ ደግሞ ብቻውን እንዴት ይንገረኝ? ሰው ሲፈልግ ከረመ፤ አንዱ ፈተና ያዘው፣ አንዱ ታመመ። በሰርጉ ቀን ግን ብቻዬንም ቢሆን እነግረዋለሁ ብሎ መጥቶ፣ ስጨፍር አይቶኝ አፉ ተያዘ።

«ጥያቄዎቹስ? ትላለች፣ ትላለች እያለ የሚጽፈው ማሞ ከየት አምጥቶ ነው?» አልኩት።

«አባትህ ናቸው» አለ ግርማ። «ደብዳቤህ ሲመጣ ቴሌግራም ቤቱን በር ዘግተው ሁለቴ ያስነብባሉ። ከዚያ፣ እሷ ብትሆን ምን ትጠይቀው ነበር? ይሉታል ማሞን። መልሰው ራሳቸው ይመልሳሉ።»

ጭፈራ የአዝማሪ ሥራ ነው የሚሉት ሰውዬ፣ እሷ ስትጨፍር የሚወጡት፣ አንዴም ሳያዩአት ቀርተው አያውቁም ለካ። ያቺ ሴት ረስታ ነው ወይስ ሳትረሳ ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። ማዳም ሮዝ ምስር አበሰለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣፍጠኝ ሳይመረኝ በላሁ። ሌዮኒ ክንዴ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰፋችልኝ። በእነሱ ወግ ሐዘንተኛ ዓመት አይጨፍርም አለችኝ። ዓመቱንማ ጨፍሬ ጨርሼዋለሁ አልኳት። አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ጎተራ ውስጥ እገባለሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ፣ ወለሉን ግን አልረገጥኩም።

ኅዳር ላይ የአባቴ ደብዳቤ መጣ። እናትህ ደህና ናት ይላል። ዘንድሮስ ጭፈራው ተጀመረ ወይ፣ ለምን ዘገየህብኝ ትላለች ይላል። ሳምንት ይዤው ዞርኩ። እውነቱን ብጽፍ የማሞ መሐላ ይፈርሳል፤ እሱስ ይፍረስ፣ አባቴ ግን ያን ባዶ ቤት ከነዝምታው ይረከባሉ፣ ቴሌግራም ቤት ገብተው በር የሚዘጉበት ምክንያትም ያጣሉ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እማዬ፣ ትናንት ጨፈርን፣ ሽማግሌው አዲስ አቁማዳ አመጡ፣ ሌዮኒ ሰላም ትልሻለች ብዬ ጻፍኩ።

ትምህርቱን ከጨረስኩ ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ። ደጃዝማች ሞቱ፣ መሬቱን ሌላ ሰው ወሰደው። እዚሁ አንድ የወተት ቤት እሠራለሁ፣ አይብ እገለብጣለሁ፣ እናንተም ምነው አልገባም ብላችሁ እንደምታሙኝ ሰምቻለሁ። የማልገባው ስለተመቸኝ አይደለም፣ አልተመቸኝም። አዳማ የወረድኩ ዕለት አባቴ ሰው ሰብስበው ሊያረዱኝ ግድ ነው፤ እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ልጮኽ ነው። እስካልገባሁ ድረስ ቢያንስ በደብዳቤው ውስጥ አለች። ይህ የፈሪ ነገር ነው፣ አውቃለሁ፣ በየቀኑም ራሴን እረግማለሁ።

ባለፈው ሳምንት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። ስለ ጭፈራ አንድም ጥያቄ የለበትም። «እናትህ ደክማለች» ይላል። «ዓይኗ አያይም፣ ከቤት መውጣት ትታለች። ባቡሩ ሲጮህ ግን ተደግፋም ቢሆን ትነሳለች። አንተው እንድትቀብረኝ ቶሎ ና ትላለች።»

በባቡር ጩኸት መነሳት የጣቢያ ዘበኛ ልማድ ነው፣ የእናቴ አልነበረም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ «ውድ አባቴ» ብዬ ጀምሬያለሁ። ከዚያ በታች እስካሁን ምንም አልተጻፈበትም።